ሦስት መቶ አርባ ኪሎ

ሚዛኑ አሮጌ ነው፣ የዓሣ ነጋዴ ሚዛን፤
ከፖርቶ ሞንት ገበያ ጎትተን አመጣን።
ቅርፊት ደርቆበታል፣ ጨው በልቶታል ብረቱን፤
እሱ ግን አይዋሽም። የምዋሸው እኔ ነኝ፣ አንዳንዴ፣ ግራሙን።

ኤሊሴዎ አንድ ሞተር ያላትን አውሮፕላን ያበራል፤
«ሦስት መቶ አርባ ኪሎ፤ ከዚያ ካለፈ» ይላል
«ባሕሩ ይበላናል።»
ሌላ ቃል አይጨምርም። ጓንቱን ያጠልቃል።

ማዶ፣ አንኩድ ላይ፣ በትምህርት ቤቱ ጣሪያ
ሰው አለ፤ በአንሶላ ይጽፋል።
አንሶላው ጥቂት ስለሆነ
በቀን አንዲት ቃል ብቻ።
ሰኞ፦ «ውሃ»።
ማክሰኞ፦ «መነጽር»። (የማን እንደሆነ፣ ለቅርብ ይሁን ለሩቅ፣ አላወቅንም፤
አራት ዓይነት ላክን።)
ረቡዕ ነፋስ ነበር፣ ፊደሉ ተበተነ።
ሐሙስ ቁጥር ጻፉ፦ «ሃያ ዘጠኝ»።
ባለፈው ሐሙስ ሠላሳ አንድ ነበሩ።

ሁለት ሰው ሲጎድል ስንት ኪሎ ሩዝ ይተርፋል?
ይህን ሂሳብ እጄ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል፤
ከጆንያው ዘግኖ ወደ ጎን ያኖራል።
እጄን የምጠላው ያን ጊዜ ነው።

ቆርቆሮ አይሄድም፤ ሲወድቅ ይጋጫል፣
ድምፅ የሰማ ዞምቢ ከየጎዳናው ይወጣል፣
የደረጃውን በር በትከሻው ይገፋል።
ስለዚህ ሁሉም ነገር በሱፍ ይጠቀለላል፦
ኢንሱሊኑ በካልሲ፣
ምላጩ በሹራብ እጅጌ፣
ማንኪያ እንኳ ለብቻው፣ ከማንኪያ እንዳይነካካ።
ፓራሹቱን ከሆቴል መጋረጃ ሰፋነው፤
አበባ አለበት፣ ጽጌረዳ፣ ትልልቅ፤
ከሰማይ የሚወርድ ሳሎን ይመስላል።

ኦቲልያ የዚያው ትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች፤
ምስር የሚተፋውን ልጅ በስሙ ታውቃለች።
«ያ ልጅ ዛሬ ይበላል» አልኳት።
ዝም አለች።
ቆይታ ምስሩን አውጥታ ባቄላ አስገባች፤
«ምናልባት» አለች።
ስኳርም የእሷ ነው። እኔ ጨው እላለሁ፣ እሷ ስኳር ትላለች፤
በግማሽ ኪሎ ታረቅን።

ጥይት ግን አልልክም ብዬ ነበር።
ጠመንጃ አላቸው፣ አንድ፣ የዘበኛው።
«አንድ ኪሎ ጥይት አንድ ኪሎ ወተት ነው» እል ነበር፣
«ደግሞስ ድምፁ?»
እንዲህ እያልኩ ስድስት ሳምንት።

ትናንት ኤሊሴዎ ፎቶ ይዞ ተመለሰ፤
ጣሪያውን ሊያሳየን ነበር፣ ግቢው አብሮ ገባ።
ቢጫ የዝናብ ካፖርት፣ ከብዙዎቹ መሃል።
የዓሣ አጥማጅ አገር ነው፣ ቢጫ ካፖርት ሞልቷል፤
ክርኑ ላይ ሰማያዊ ጥፍ ያለበት ግን
አንድ ነው፤ የጣፍኩት እኔ ነኝ።
ደግሞ ጭቃው።
ከኋላው ጭቃው ላይ፣ አንድ የእግር ዱካ፣ አንድ መስመር፤
አንድ ዱካ፣ አንድ መስመር።
ሴጉንዶ ግራ እግሩን ይጎትት ነበር፣ ከዚህ ሁሉ በፊት፣
የመልሕቅ ገመድ ከሰበረው ወዲህ።

ሞት ቀምቶት ሲያበቃ ያችን አልወሰደም።

ወንድሜ ያንን በር ይገፋል፤
እኔ የማበላቸው ናቸው የራቡት።
ኤሊሴዎ ምንም አላለም። ጓንቱን አወለቀ።

ዛሬ ሌሊት ሚዛኑ ሦስት መቶ አርባ ላይ ቆሞ
ግማሽ ኪሎ ስኳር አወጣሁ።
አሥራ ሁለት ጥይት አስገባሁ፣
እያንዳንዱን ለብቻ ጠቅልዬ፤
የመጨረሻውን ከእሱ ሹራብ በተረፈ ክር፣
ሦስት ዙር፣ አራት ዙር፣ አስፈላጊ ሳይሆን።
ወረቀት ቀደድኩና ጻፍኩ፦
«ቢጫ ካፖርት የለበሰው። ግራ እግሩን ይጎትታል።
ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ አትስቱት።»
ፊርማ አላኖርኩም።
ወረቀቱን ሚዛኑ አልቆጠረውም።

ሲነጋ ኦቲልያ ጆንያውን ዳሰሰች፤
«ስኳሩ የት ገባ?» አለች።
ሞተሩ ተነሥቶ ነበር፣ ጮክ ብዬ መለስኩላት፦
«ሚዛኑ ነው» አልኳት፣
«ሚዛኑ እምቢ አለ።»